«አ-ባ-ኒ-ቢ»፦ የልጆች ቋንቋና የአዋቂዎች ፍርድ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል የሀገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሊጥ ቢሆንም፣ ልጆች በሚናገሩትና በሚዘፍኑት ላይ ብዙ ጊዜ የምንፈርደው በዚሁ ተረት ነው። ሆኖም እዚህ በእስራኤል፣ ልጆች በጨዋታ ካቦኩት ቃል ተጋግሮ ሀገሩን በሙሉ ያጠገበ፣ ከባሕር ማዶም ለብዙ ሕዝብ የተረፈ አንድ የፍቅር ዘፈን አለ። ስሙ «አ-ባ-ኒ-ቢ» ይባላል። ይህ ዘፈን እንዴት እንደ ተሠራና እንዴት እንደ ተፈረደበት ማወቅ፣ አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች ከዘፈን ያለፈ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም የዘፈኑ ታሪክ ልጆች ወላጆቻቸው በማይሰሙት ቋንቋ ስለ መነጋገራቸው ነው፤ ይህ ደግሞ ዛሬ በብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው።

ዘፈኑ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ግጥሙን የጻፈው ኤሁድ ማኖር፣ ዜማውን የደረሰችው ኑሪት ሂርሽ፣ የዘፈነው ደግሞ ከየመን አይሁዶች ቤተሰብ የተወለደው ይዝሃር ኮሄን፣ «አልፋቤታ» ከሚባሉት አጃቢዎቹ ጋር ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 22 ቀን በፓሪስ ከተማ በተደረገው የኤውሮቪዥን የዘፈን ውድድር 20 ሀገሮች ተሰለፉ። «አ-ባ-ኒ-ቢ» 157 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የሆነችው ቤልጂየም ያገኘችው 125 ነጥብ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜና የፔሳህ የመጀመሪያው ቀን በአንድነት የዋሉበት ሲሆን፣ ውድድሩ የተደረገው በዓሉ በወጣበት ሌሊት ነው። እስራኤል በዚህ ውድድር ስታሸንፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለመሆኑ «አ-ባ-ኒ-ቢ» ማለት ምን ማለት ነው? በዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ብትፈልጉት አታገኙትም። የእስራኤል ልጆች «ስፋት ሀ-ቤት» የሚሉት የጨዋታ ቋንቋ አላቸው። «ቤት» እዚህ ላይ መኖሪያ ቤት ሳይሆን የዕብራይስጥ ሁለተኛዋ ፊደል ናት፤ በግዕዝም ስሟ «ቤት» ነው፣ የእኛ «በ» ማለት ናት። ደንቡ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ድምፅ ቀጥሎ ያንኑ አናባቢ የያዘ «በ» ይጨመራል። «ሻሎም» ለማለት «ሻ-ባ-ሎ-ቦም» ይባላል፤ እናት ማለት የሆነው «ኢማ» ደግሞ «ኢ-ቢ-ማ-ባ» ይሆናል። በአማርኛችን ብንሞክረው «ቡና» «ቡ-ቡ-ና-ባ»፣ «ሰላም» ደግሞ «ሰ-በ-ላ-ባም» ይሆንልናል። «አኒ» በዕብራይስጥ «እኔ» ነው፤ በቤት ቋንቋ ሲነገር «አ-ባ-ኒ-ቢ» ይሆናል። የዘፈኑ አዝማችም በዚሁ መንገድ «እኔ እወድሻለሁ» የሚለውን ቃል እየከፋፈለ የሚናገር ነው።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያም ልጆች በቃላት መካከል ትርፍ ድምፅ እየጨመሩ፣ አዋቂ እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበት ልማድ አለ፤ «የወፍ ቋንቋ» እየተባለ ይጠራል። ከእናንተ መካከል ከብት ጥበቃ ላይ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ በዚህ ቋንቋ ያልተጫወተ ጥቂት ነው። ልጅ በየሀገሩ አንድ ነው። ምሥጢር ሲኖረው ቋንቋ ይፈጥርለታል።

ኤሁድ ማኖር በዚህ ጨዋታ ላይ የጨመረው ትልቅ ነገር ምክንያቱን መናገሩ ነው። በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ሰው ልጅነቱን ያስታውሳል። ያን ጊዜ ለዘመድ አዝማድ በግልጽ ፈገግ ይባል ነበር፤ በእውነት የሚወዷት ልጅ ግን የምታገኘው ትንኮሳና ምት ብቻ ነበር። ወንዶቹ ልጆች በልባቸው ያለውን በግልጽ ለመናገር ያፍሩ ስለ ነበር፣ ፍቅራቸውን የሚያንሾካሹኩት በዚያ በተደበቀ ቋንቋ ነበር። ካደገ በኋላ ግን ያው ሰው ፍቅር የሚያምር ቃል መሆኑን ይረዳል፤ መደበቁም ይቀራል። እንግዲህ ዘፈኑ በእፍረት ተጀምሮ በግልጽነት ያልቃል። ይህን ሁሉ የሚለው ግን እየሳቀና እየጨፈረ ነው። አስተዋይ ሰሚ ካልሆነ በቀር ብዙው ሰው የሚይዘው ሳቁን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። በዚያን ጊዜ ደንብ እያንዳንዱ ሀገር በራሱ ቋንቋ መዝፈን ግዴታው ነበር። ስለዚህ በየሀገሩ ተቀምጠው ነጥብ የሰጡት ዳኞች አብዛኞቹ ዕብራይስጥ አያውቁም፤ ቢያውቁም አዝማቹ ተራ ዕብራይስጥ አልነበረም። ቃሉን ሳይሰሙ ደስታውን ሰሙ ማለት ይቻላል። በብሪታንያም የሸክላው ሽያጭ እስከ 20ኛ ደረጃ ደርሷል፤ በዕብራይስጥ ለተዘፈነ ዘፈን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፍርዱ በሌላ ወገን ምን እንደሚመስል ደግሞ የዮርዳኖስ ቴሌቪዥን አሳይቷል። እስራኤል ስትዘፍን በዘፋኙ ፈንታ የአበባ ሥዕል አቀረበ። እስራኤል ማሸነፏ ሲታወቅ ስርጭቱን አቋረጠ፤ ከዚያም ያሸነፈችው ቤልጂየም ናት ብሎ ተናገረ። እዚህ ላይ የተፈረደው በዘፈኑ ላይ አይደለም። ዘፈኑን የሰማ ጆሮ አልነበረም፤ የታየው ዘፋኙ የመጣበት ሀገር ብቻ ነው። አንድን ሥራ ሳይሰሙ በባለቤቱ ማንነት መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳንስ፣ ያን አበባ የሚያስታውስ ሁሉ ያውቀዋል። ስማቸው ወይም መልካቸው ታይቶ የተፈረደባቸው ሰዎችም ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው ፍርድ ከዚህ ይለያል፤ ክፋት የለበትም፣ ነገር ግን ችኮላ አለበት። በኤውሮቪዥን ትርጉም በሌለው ድምፅ ላይ የተሠሩ ዘፈኖች ሲያሸንፉ ከ1978 በፊትም ታይቷል። በ1968 ስፔን «ላ ላ ላ» በተባለ ዘፈን አሸነፈች። በ1969 ከአሸናፊዎቹ አንዱ የብሪታንያው «ቡም ባንግ ኤ ባንግ» ነበር። በ1975 ደግሞ የሆላንዱ «ዲንግ ኤ ዶንግ» አንደኛ ወጣ። ውድድሩን የሚነቅፉ ሰዎች እነዚህን ስሞች በአንድ ትንፋሽ ይደረድሩና «አ-ባ-ኒ-ቢ»ንም በዚያው ከረጢት ይከቱታል፤ «የሕፃን ልፍለፋ» ይሉታል።

ይህ ፍርድ የተሳሳተበትን ቦታ ማሳየት አያስቸግርም። «ላ ላ ላ» ሲፈታ ምንም አይወጣውም። «አ-ባ-ኒ-ቢ» ግን ሲፈታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል፤ ያውም ሰው በሕይወቱ ሊናገራቸው ከሚቸገርባቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ነው። ሰምና ወርቅ ባለበት ሀገር ለተወለደ ሰው ይህ ሊጠፋው አይገባም። ሰሙ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ወርቁ «እወድሻለሁ» ነው። ቅኔ ሲዘረፍ ሰሙን ብቻ ሰምቶ «ቀላል ነው» የሚል ሰው፣ የናቀው ቅኔውን ሳይሆን የራሱን ጆሮ ነው።

ከዜማውም በኩል አንድ ነገር ልብ በሉ። በቤት ቋንቋ እያንዳንዱ ድምፅ ጓደኛውን አስከትሎ ስለሚመጣ፣ ንግግሩ ራሱ ሁለት ሁለት እየሆነ እንደ ከበሮ ይመታል። በዚያ ዘመን ዓለምን የያዘው የዲስኮ ምት ደግሞ እኩል እየረገጠ የሚሄድ ምት ነው። ኑሪት ሂርሽ ያደረገችው ቃሉ የተሸከመውን ምት በሙዚቃው ላይ ማስቀመጥ ነው። ዕብራይስጥ የማያውቅ የአውሮፓ ዳኛ እግሩን ያነቃነቀው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ይህ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

ባለሙያዎቹም እነማን እንደ ሆኑ እንመልከት። ኤሁድ ማኖር ከ1,000 በላይ ዘፈኖችን የጻፈ ሰው ነው። በጦርነት የሞተውን ታናሽ ወንድሙን ይሁዳን እያሰበ የጻፈው የኀዘን መዝሙር እስከ ዛሬ በመታሰቢያ ቀን ይሰማል። «ሌላ ሀገር የለኝም» የሚለውን፣ የእስራኤል ሕዝብ በጭንቅ ጊዜ የሚያነሣውን ዘፈን የጻፈውም እሱ ነው። በ1998 የእስራኤል ሽልማት ተሰጠው፤ በ2005 አረፈ። ኑሪት ሂርሽ ደግሞ በጸሎት ውስጥ ያለውን «ዖሴ ሻሎም» በ1969 በዜማ የደረሰች ናት። ያ ዜማ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዙ ምኩራቦች ይዘመራል፤ የሚዘምሩት ብዙዎቹ ደራሲዋን እንኳ አያውቁም። እስራኤል በ1973 ለመጀመሪያ ጊዜ በኤውሮቪዥን ስትሰለፍ ዘፈኑን ያዘጋጁት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። እሷም በ2016 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበለች።

እንግዲህ የኀዘኑንም፣ የጸሎቱንም፣ የጨዋታውንም ሥራ የሠሩት አንድ ዓይነት እጆች ናቸው። ያ እጅ ለጨዋታው ሲሆን አልሰነፈም። የ1978 መጀመሪያም የጨዋታ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ውድድሩ ከመድረሱ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ማርች 11 ቀን በባሕር ዳርቻው አውራ ጎዳና ላይ በተፈጸመው ጥቃት ሕፃናት ጭምር ብዙ ሰዎች ተገድለው ሀገሩ ኀዘን ላይ ነበር። በዚህ መካከል የልጆችን ቋንቋ ይዞ ወደ ፓሪስ መሄድ፣ አንዳንዱ እንደ ቀልደኝነት ሊቆጥረው ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። ከኀዘን ቤት የወጣ ሰው ልጆቹን ማጫወቱ ሟቹን መርሳት አይደለም።

ይህን ሁሉ ስንል ተቺዎች አያስፈልጉም ማለታችን አይደለም። ጥሩ ተቺ ጆሮን ያሠለጥናል፤ ርካሹን ከደኅናው ይለያል። ችግሩ በአንድ ቁና ሁሉንም መስፈር ነው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ በርበሬም በቁና ቢሰፈር ያስኬዳል፤ ሽቶ ግን በቁና አይሰፈርም። ቀላል የፍቅር ዘፈን «ለምን ጥልቅ አይደለህም» ተብሎ ሊጠየቅ አይገባውም። የሚጠየቀው ያስደስታል ወይ፣ በውስጡ እውነት የሆነ ስሜት አለ ወይ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ አይሰለችም ወይ ተብሎ ነው። ይህን ጥያቄ የማያልፉ ቀላል ዘፈኖች ሞልተዋል፤ እነሱ ቢተቹ ይገባቸዋል። «አ-ባ-ኒ-ቢ» ግን አልፎታል። በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ ወደ ኢየሩሳሌም የመጣውና እስራኤል «ሃሌሉያ» በሚለው ዘፈን እንደ ገና ያሸነፈችው፣ ያን መንገድ እሱ ከፍቶ ነው።

በባለሙያ ጆሮና በሕዝብ ጆሮ መካከል ያለው ልዩነት በቅርብ ጊዜም ታይቷል። በ2018 ሊዝበን ላይ ኔታ ባርዚላይ እንደ ዶሮ እየተንካካች በዘፈነችው «ቶይ» ለእስራኤል 529 ነጥብ አገኘች። የዳኞቹ ነጥብ ብቻ ቢቆጠር 212 ሆኖ ሦስተኛ ነበረች፤ አንደኛ ያደረጋት 317 ነጥብ የሰጣት ሕዝቡ ነው። በ2017 አሸንፎ የነበረው የፖርቱጋሉ ዘፋኝ ሳልቫዶር ሶብራልም ዘፈኑን እጅግ መጥፎ ነው ብሎ በይፋ ተናግሯል። ቢሆንም ዋንጫውን ለኔታ ያስረከበው እሱ ራሱ ሆነ። ሶብራል የወደደውን የመውደድ መብት አለው። ነገር ግን በዶሮው ድምፅ ሥር፣ «መጫወቻ አይደለሁም» የምትል ሴት ልጅ ክብሯን ስትጠይቅ ነበር፤ ያን የሰሙት ሰዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ልጆቻችሁ ጋን ወይም ትምህርት ቤት ገብተው በጥቂት ወራት ውስጥ ዕብራይስጥ ያፈሳሉ። ወላጆች በኡልፓን ወንበር ላይ ግሥ እያረባችሁ ሳለ፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በማትሰሙት ፍጥነት ይነጋገራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይሣሣቃሉ። ለእናንተ ዕብራይስጡ ራሱ «የቤት ቋንቋ» ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወላጅ የሚቀናው አንድ ፍርድ አለ፦ «ይህ ከንቱ ጩኸት ነው፤ ዝጉት!» ቃሉ አጭር ነው፤ የሚዘጋው ግን ራዲዮኑን ብቻ አይደለም። ልጁ ለእናቱ ሊያስረዳት ይችል የነበረውን በር አብሮ ይዘጋዋል።

በእኛ ባህል ወላጅ ለልጁ «እወድሃለሁ» ብሎ በቃል መናገር የተለመደ አልነበረም። ፍቅራችን በጉርሻ፣ በምርቃት፣ ግንባር በመሳም ይገለጽ ነበር። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ እሱም ቋንቋ ነው፣ ያውም ያማረ። ነገር ግን ከጋን ቀልብሶ የሚመጣው ልጅ ይህን ቃል በየቀኑ በዕብራይስጥ በግልጽ ሲነገር ሰምቶ ነው የሚመጣው። እሱ ጉርሻውን እንዲያነብ ማስተማር የእናንተ ፈንታ ነው፤ እናንተ ደግሞ ዘፈኑን እንድታነቡ ማስተማር የእሱ ፈንታ ይሁን። ሁለቱም የተደበቀ ነገርን መፍታት ነው።

ይህ ሩቅ ሕልም አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌም አለን። በ2020 ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች በኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ፣ እስራኤልን ወክላ በኤውሮቪዥን እንድትዘፍን ተመረጠች፤ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። የተመረጠላት ዘፈን ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይሄል የጻፉት «ፍቅር ልቤ» ነበር። ዘፈኑ ቀላል፣ የሚያስጨፍር የፍቅር ዘፈን ሲሆን፣ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አረብኛና አማርኛ የተቀላቀሉበት ነው፤ ስሙም አማርኛ ነው። ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በማርች 2020 ስለ ተሰረዘ፣ ዘፈኑ ከመድረኩ ሳይደርስ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ኤደን ሮተርዳም ላይ በሌላ ዘፈን ቀርባ በፍጻሜው 17ኛ ወጣች።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው «ፍቅር ልቤ» የሚለውን ሲሰማ፣ «‘የልቤ ፍቅር’ ቢባል አይሻልም ነበር ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰዋስውን ማረም ግን የፍርዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው ሊሆን አይገባም። ያ አማርኛ ሳይሰባበር አልቀረም፤ ሆኖም እናቶቻችን በሹክሹክታ የሚናገሩት ቃል፣ በእስራኤል ስም ለሚወዳደር ዘፈን ስም ሆኖ በራዲዮ ተጠራ። ልጆች ሲያቦኩት ውሃው ትንሽ ሊበዛ ይችላል፤ እሳቱ ላይ ሲወጣ ግን እንጀራ ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ትርጉሙ የማይገባችሁን ዘፈን ደጋግሞ ሲያዜም ስትሰሙ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጡትና «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ያስረዳችሁ፤ ዕብራይስጡን እናንተ ትማራላችሁ፣ እሱ ደግሞ የሚያስረዳበትን አማርኛ ይፈልጋል፤ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ። ከገባችሁ በኋላ ዘፈኑ መጥፎ ሆኖ ብታገኙት «አልወደድኩትም፤ ምክንያቱም እንዲህ ስለሚል ነው» በሉት። ምክንያት ያለው ነቀፋ ልጅን አያርቅም፤ እንዲያውም ማስተዋልን ያስተምረዋል። ምክንያት የሌለው ቁጣ ግን ቋንቋውን ከእናንተ እንዲደብቅ ያደርገዋል፤ ልጅ መደበቅ ሲፈልግ ደግሞ አንዲት «በ» ብቻ እንደሚበቃው አይተናል።